በቁሟ የተለቀሰላት ገመድ ሠሪ

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ «አይ፣ እኛ እንዲህ አይደለንም» ብላችሁ ልትከራከሩኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ክርክር አልወድም። ብቻ ከገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረ አንድ አገር ነበር ልበላችሁ። ከአፋፉ ወዲህ ገበያው፣ ከአፋፉ ወዲያ ገደል ማሚቶዋ። አንድ ሰው አፋፉ ላይ ቆሞ ሲጮህ፣ ማሚቶዋ ደስ ካላት ቃሉን ተቀብላ ደጋግማ ትመልስለታለች፤ ደስ ካላላት ጭጭ ትላለች። ምን እንደሚያስደስታት የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር ተወልዶ አያውቅም።

የአገሩ ሕግ ታዲያ እንዲህ ይላል፦ ባለሙያ የሆነ ሁሉ፣ ነጋሪት በተጎሰመ ቁጥር እጁ ላይ ያለውን ጥሎ አፋፉ ላይ ይውጣ፤ ስለ ሥራውም ይጩኽ። ነጋሪቱ ጠዋት ይጎሰማል፣ ረፋድ ላይ ይጎሰማል፣ ቀትር ላይ፣ ተሲያት ላይ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ይጎሰማል፤ ጎሳሚው ሥራ ከፈታም በየመሃሉ ይጎስመዋል። የጆሮ ሹሞች የሚባሉት በርጩማ ላይ ተደርድረው፣ ማሚቶዋ በመለሰች ቁጥር ጠጠር በቅል ውስጥ ይጥላሉ። ቅሉ የሞላለት በገበያው ፊት ለፊት ይቀመጣል። ቅሉ የጎደለበት ከከብት ተራ ጀርባ፣ ዝንብ ካለበት። ሦስት ገበያ ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ ሰው ደግሞ፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ እንደ ሞተ ይቆጠራል። ድንኳን ይተከልለታል፣ አስለቃሽ ይመጣለታል፣ ንፍሮ ይቀቀልለታል፣ የገበያ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። ሰውዬው «ኧረ እኔ አለሁ!» ቢል ማን ሰምቶት? ያልጮኸ የለም ነው ሕጉ።

ጩኸቱም እንደ ዋዛ እንዳይመስላችሁ። አንድ ሰሞን «ማሚቶዋ የምትወደው አጭር ቃል ነው» ተባለና ሸማኔው «ኩታ!» ብሎ ብቻ እየወረደ ሄደ። ወዲያው ደግሞ «የለም፣ ረጅም ወሬ ነው» ሲባል፣ ቀጥቃጩ የማረሻውን ነገር ትቶ ከአማቱ ጋር እንዴት እንደተጣላ ከሥር ከመሠረቱ ይተርክ ጀመር። ቀጥሎ እየጨፈሩ ካልጮኹላት አትመልስም ተባለ፤ ቆዳ አልፊው፣ ያ ጨዋ ሽማግሌ፣ ሽበቱን ይዞ እስክስታ ወረደ። ልጆቹ አፍረው ቤት ዋሉ። አፋፉ ሥር ደግሞ «የማሚቶ አዋቂ» የሚባሉ ዳስ ጥለው ተቀምጠዋል። አንዱ «ፀሐይ ስትወጣ ጩኹ» ይላል፤ አንዱ «ስትጠልቅ ነው እንጂ» ይላል፤ አንዱ ደግሞ ድመት አቅፎ «ድመት ይዛችሁ ውጡ፣ ማሚቶዋ ድመት ትወዳለች» ይላል። ከመካከላቸው አንድ ኩታ የሸመነ፣ አንድ ማረሻ የቀጠቀጠ የለም። የሚጮኹት ስለ ጩኸት ነበር። አይ አገር!

በዚህ አገር ነው እንግዲህ ወይዘሮ ማንያህልሻል የምትባል ገመድ ሠሪ የነበረችው። ማንያህልሻል ኩሩ ሴት ነበረች። ትሕትና የሚባለውን ነገር በስም ታውቀዋለች እንጂ አንድም ቀን ቤቷ አስገብታው አታውቅም። «የኔን ገመድ የሚበጥስ በሬ ገና እናቱ አልወለደችውም» ትላለች፤ ስትል ደግሞ እውነቷን ነው። ገበያው ፊት ለፊት ያለው ቦታዋ ከአባቷ የወረሰችው ነው፣ አባቷም ከአባቱ። ሰው «ገመድ ከየት ገዛህ?» ሲባል «ከዚያች ቦታ» ይላል። ያ ቦታ ከተወሰደባት ማን እንደምትባል እሷም አታውቅም።

ገመድ ግን የራሱ ጠባይ አለው። ቃጫው ረጥቦ፣ ክሮቹ ከግንድ ታስረው መከረር ከጀመሩ ዳር ሳይደርሱ እጅ አይለቀቅም። መሃል ላይ ከተለቀቀ ይላላል፤ ተመልሰው ቢያከሩትም ላዩ ደህና ይመስላል እንጂ ውስጡ እንደ ቀድሞው አይሆንም። ማንያህልሻል ይህን በሚገባ ታውቃለች። ግን ነጋሪቱስ? እሷም እንደ ሰው ተነሥታ ትሮጣለች፤ «ገመድ! ገመድ!» ብላ ትጮኻለች፤ ማሚቶዋ ሁለቴ ስትመልስላት «ለሸማኔው አምስቴ መልሳ ለኔ ለምን ሁለቴ?» እያለች ስትብሰለሰል ቤቷ ትደርሳለች። ተቀምጣ ክሩን ስታከር ደግሞ ይጎሰማል። ባሏ ጥሩነህ ቃጫ እያበጠረላት «ዛሬ እኮ ድምፅሽ ሻከር ብሏል፣ ማር ላሽ አድርጊ» ይላታል። ጥሩነህ ደግ ሰው ነው፤ ብቻ ነገር ያስፈራዋል።

አንድ ቀን ሺበሺ የሚባል ጉድጓድ ቆፋሪ ከሷ በገዛው ገመድ ወገቡን ታስሮ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ፣ ገመዱ ተበጠሰ። እግዜር ሲያተርፈው የወደቀው ጭቃ ላይ ነው፤ ነፍሱ ተረፈች፣ እግሩ ግን ተሰበረ። ጎረቤቶቹ የተበጠሰውን ገመድ አምጥተው ደጃፏ ላይ ጣሉት። ማንያህልሻል አነሣችና የተበጠሰበትን ቦታ በጣቷ ዳሰሰችው። ወዲያው አወቀችው። የረፋዱ ነጋሪት ሲጎሰም እጇን የለቀቀችበት ቦታ ነበር። ሴትዮዋ አፍራ አታውቅም ነበርና ማፈር እንዴት እንደሚደረግ እንኳ አላወቀችበትም፤ ዝም ብላ መሬት መሬት ስታይ ዋለች።

በማግስቱ አዲስ ገመድ ጀመረች። የረፋዱ ነጋሪት ተጎሰመ። አልተነሣችም።

«ኧረ ተጎሰመ!» አላት ጥሩነህ።

«ጆሮ አለኝ።»

«እና አትነሺም?»

«ክሩን ይዣለሁ፤ አይታይህም? ይህን ገመድ ይዞ የሚወርድ ሰው አለ፤ ልጆች ያሉት ሰው። ዳር ሳላደርሰው አልነሣም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ሦስት ገበያ ካልተሰማሽ እኮ ይቀብሩሻል! የአባትሽ ቦታ ይሄዳል!»

ማንያህልሻል ይህን ስትሰማ ልቧ ድንግጥ አለ። እጇ ግን ክሩን አለቀቀም።

ቢሆንም ሞኝ አይደለችም። መጮህ ራሱ ክፉ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ገመድ መኖሩን ያልሰማ ሰው ገመድ አይገዛም። ስለዚህ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጆሮ ሹሞቹ አለቃ ወደ ብላታ ድንበሩ ሄደች። ብላታ ቅሎቻቸውን በፊታቸው ደርድረው፣ አንዱን እያነሡ ከጆሯቸው አጠገብ ያንኳኩ ነበር።

«ጌታዬ፣» አለቻቸው እጅ ነሥታ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ልጩኽ። የሳምንቱን ነገር ሁሉ በአንድ ቀን፣ ሥራዬን ጨርሼ፣ አስቤበት እናገረዋለሁ። የቀረውን ቀን እጄን ይተዉልኝ።»

ብላታ ሳቁ። «ማሚቶዋ ሰንበት የላትም፣ ልጄ። አንድ ቀን ከጠፋሽባት ትረሳሻለች።»

«እሷ ብትረሳኝ ገመዴ አይረሳኝም።»

«ምን አስቸገረሽ? ጯኺ ቅጠሪ! አፉ የሰፋ ጎልማሳ ሞልቶናል። አንቺ እቤትሽ ገምጂ፣ እሱ ይጩኽልሽ።»

«ስለ ገመድ ምን ያውቃል?»

«ምን ማወቅ ያስፈልገዋል? የሚጮኸው በአፉ ነው እንጂ በገመድ ነው?»

ማንያህልሻል ቀና አለች። «ጌታዬ፣ ሰው በኔ ገመድ ታስሮ ጉድጓድ ይወርዳል። ስለሱ የሚናገር ሰው ወይ የገመደው ወይ የወረደበት ይሁን። ሌላው ምን አግብቶት?»

«እንግዲህ እንዳሻሽ፣» አሉ ብላታ፤ «ለቅሶሽን ግን አሳምረን እናለቅስልሻለን።» ይህን ያሉት በቅንነት ነው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሹም ነበሩ እንጂ።

ሦስተኛው ገበያ አለፈ። የለቅሶ አዛዡ አለቃ መንክር ድንኳናቸውን አስጭነው መጡና ማንያህልሻል ደጃፍ ላይ ተከሉት። በሕጉ መሠረት ለሟች ሰላምታ አይሰጥም፣ ሟች አይነጋገሩትም፣ ሟችን ማየትም ነውር ነው። እሷ እቤቷ በር ላይ ተቀምጣ ቃጫ ታበጥራለች፤ ሰዎች አጠገቧ አልፈው ጥሩነህን «እግዜር ያጽናህ፣ ነፍሷን ይማር» ይሉታል። ጥሩነህም ግራ ተጋብቶ አንዴ እሷን አንዴ እነሱን እያየ «አሜን» ይላል።

«አሜን ትላለህ እንዴ?» ብላ ተቆጣችው።

«ምን ልበል ታዲያ? አንቺን ማነጋገር ክልክል ነው!» አላት፣ እያነጋገራት።

ያልጮኸ ሰው ለቅሶ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። ሹሞቹ ንፍሯቸውን ዘግነው፣ ሁለት ሙሾ አውርደው ይሄዳሉ። የዚያን ቀንም አስለቃሹ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦

«ሳትጮኽ የሄደችው፣ ሳትሰማ ሳትታይ፣
ማን ያስታውሳታል ከባሏ በላይ?»

«እኔ!» የሚል ድምፅ ከውጭ መጣ።

ሺበሺ ነው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው። በምርኩዝ እያነከሰ ድንኳኑ መሃል ገብቶ ቆመ። «ማን ያስታውሳታል ላላችሁት፣ እኔ አስታውሳታለሁ። ገመዷ በኔ ላይ ተበጥሷል፤ ይኸው እግሬ፣ አልደብቅም። ተበጥሶስ ምን አደረገች? አዲስ ገምዳ ራሷ ተሸክማ እቤቴ መጣች። ይቅርታ አላለችኝም፤ እሷ መቼ ይቅርታ ታውቃለች! ወገቧን ታስራ፣ እኔ እያየሁ፣ እዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ ተንጠለጠለች። 'እኔን ከቻለ አንተን ይችላል፤ እኔ ካንተ እከብዳለሁ' አለችኝ።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እውነትም ማንያህልሻል ደልደል ያለች ነበረች።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ልጆቼ በዚያ ገመድ ነው ውኃ የሚቀዱት። እግሬ ሲድን እኔም በሱ ነው የምወርደው። እንዲህ ያለችውን ሴት ሞተች ካላችሁኝ፣ በዚህ አገር በሕይወት ያለው ማን ነው?»

አንዲት ባልቴት ተነሡ። የወንዝ ሙላት ልጃቸውን ሲወስድባቸው በማንያህልሻል ገመድ ስበው እንዳወጡት ተናገሩ። አንድ ገበሬ «በዚያች ገመድ ያሰርኋቸውን ሁለት በሬዎች ሸጬ አሁንም ሦስተኛውን እያሰርሁባት ነው» አለ። ከውጭ ያለው ሰው ወደ ውስጥ ገፋ፤ ድንኳኑ ሞላ፤ ንፍሮው አለቀ። አለቃ መንክር እንዲህ ያለ ለቅሶ አይተው አያውቁም። ማንያህልሻል በሩ ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። ስንት ዘመን አፋፍ ላይ ጮኻ፣ ማሚቶዋ የመለሰችላት የራሷን ቃል ብቻ ነበር። ይህ ግን የሰው ቃል ነው። እንባዋ መጣ፤ ኩራቷም መጣ፤ ሁለቱ ባንድ ላይ ሲመጡባት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሕግ ግን ሕግ ነውና ቦታዋ በማግስቱ ድመት አቅፎ ለሚዞረው አዋቂ ተሰጠ። ሰውዬው ምንጣፉን ዘርግቶ፣ ድመቲቱን መሃል አስቀምጦ ተቀመጠበት። ማንያህልሻል ከሩቅ አየችና ተመለሰች። የዚያን ቀን እህል አልቀመሰችም፤ ጥሩነህ ቢለምናት ቢለምናት እንቢ አለች።

ሲነጋ ነጋሪቱ ተጎሰመ። ጎሳሚው እንደ ልማዱ በየደጃፉ እየቆመ መጣና እሷ በር ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ አለፈ። ሟች አይጠራምና! ማንያህልሻል ቀና ብላ አየችው። «ጥሩነህ፣ ሰውዬው አለፈኝ» አለች። «አዎ፣ አለፈሽ» አላት። ከዚያ ክሮቹን ከግንዱ አሰረች፤ ከጠዋት እስከ ቀትር እጇን ሳትለቅ ገመደች። ስትጨርስ ገመዱን ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ዳበሰችው። ልጅ ሆና ከአባቷ ጎን ስትገምድ ከነበረችበት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ያለ ገመድ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። «እሰይ!» አለች ጮክ ብላ፤ «እሰይ የኔ ልጅ!»

ከሟች መግዛት በሕግ ክልክል ነው። ሕዝብ ግን መላ አያጣም። መጀመሪያ ያቺ ባልቴት መጡ። «የተዝካር እህል ይዤ መጥቻለሁ» ብለው አንድ ቁና ጤፍ ለጥሩነህ ሰጡት። ቀጥለውም «ሟች በሕይወት ሳለች አንድ ገመድ ልታወርሰኝ ነበረ» አሉ። ጥሩነህም ነገሩ ገብቶት «ኑዛዜዋ ነው፣ ይውሰዱ» አላቸው። ከዚያ በኋላ ተዝካሩ ማለቂያ አጣ፤ ማር የያዘ፣ በግ የሚጎትት፣ ሁሉም ወራሽ ሆኖ መጣ። ጥሩነህ እንኳ «ይህን ሁሉ ዘመድ ከየት አመጣሽው?» እያለ ይስቅ ጀመር።

ወራሾቹ ታዲያ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ሸማኔው አፋፉ ላይ ወጥቶ ስለ ኩታው ሊጮኽ አፉን ሲከፍት «የማንያህልሻል ገመድ!» አለ፤ ሳያስበው። ገበሬውም አለ፣ ባልቴቷም አሉ። ማሚቶዋም፣ ምን እንደታያት እሷ ታውቃለች፣ ገደሉን ሁሉ አዳርሳ መለሰችው። የጆሮ ሹሞች ጠጠር ቢጥሉ ቢጥሉ የማንያህልሻል ቅል ሞልቶ ፈሰሰ። ብላታ ድንበሩ ቅሉን አዩና ላብ አጠመቃቸው። ሕጉ ቅሉ የሞላለት ፊት ለፊት ይቀመጥ ይላል፤ ሕጉ ሟች ገበያ አይቀመጥም ይላል። በአገሩ ታሪክ የሞተ ሰው አንደኛ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ብላታና አለቃ መንክር ማንያህልሻል ቤት መጡ። ሟችን ማነጋገር ነውር ነውና ብላታ ፊታቸውን ወደ ጥሩነህ አዞሩ።

«አቶ ጥሩነህ፣ ሟች ባለቤትህ ከሞት ብትነሣ ምን ይመስላታል? ቦታዋን እንመልስላታለን። እንደ ሰው ነጋሪት ስትሰማ ብቅ ትበል እንጂ ሌላ ምንም አንጠይቃትም በላት።»

ጥሩነህ ዞረ። «ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ቅዳሜ እወጣለሁ በላቸው። ያውም ሥራዬን የጨረስሁ እንደሆነ። ካልጨረስሁ የሚመጣው ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ ነው የምትለው፣ ብላታ።»

«ኧረ ሰምቻታለሁ!» አሉ ብላታ ተናደው። «ይህማ አዋጅ ማፍረስ ነው! ለአንዷ ከፈቀድን ነገ ሁሉም ቅዳሜ ቅዳሜ ሊል ነው። ማሚቶዋን ማን ያጫውታታል?»

ማንያህልሻል ክሯን እንደያዘች ነበር። የአባቷ ቦታ በእጅ መዳፍ ላይ ቀርቦላታል፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የቀራት። ጥሩነህም በዓይኑ «እሺ በይ» እያለ ይለምናታል። የያዘችውን ክር አየች።

«አባቴ ያን ቦታ ያስከበረው ገምዶ ነው፤ ሮጦ አይደለም» አለች። «ከእንግዲህ እኔ የተቀመጥሁበት ነው ፊት ለፊቱ! ሞቼ እቀራለሁ በላቸው። ሞት ተስማምቶኛል።»

ብላታ በበትራቸው መሬቱን መትተው ወጡ። አለቃ መንክር ግን በሩ ላይ ዘወር ብለው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ገመድ በስርቆት አዩት፤ ለድንኳናቸው ይሆን ነበር።

ነገሩ በከተማው ሲወራ አደረ። በማግስቱ ጠዋት አለቃ መንክር በራቸውን ሲከፍቱ ሰው ተሰልፎ አገኙ። ፊት የቆመው ቆዳ አልፊው ነው።

«ምን ፈልጋችሁ ነው በጠዋቱ?»

«ቅበሩኝ፣ አለቃ» አሉ ሽማግሌው።

«ኧረ ምን ነክቶዎታል?»

«ስድስት ቆዳ ከእጄ በስብሷል፤ እስክስታ ስወርድ። የቀረችኝን ዕድሜ ሥራዬን ልሥራባት። ድንኳን ባይኖር ግድ የለኝም፣ እንዲሁ ቅበሩኝ።»

ከኋላቸው ቀጥቃጩ «እኔንም!» አለ። ሸማኔው «እኔንም፣ ከነሚስቴ!» አለ። ሰልፉ እስከ ከብት ተራው ይደርስ ነበር። አለቃ መንክር «ኧረ ድንኳን አልቆብኛል! ንፍሮ አልቆብኛል!» እያሉ ወደ ብላታ ዘንድ ሮጡ። ብላታም ምን ሊያደርጉ? አገር ሙሉ አይቀበር! ነጋሪቱን አስጎሰሙ፤ አፋፉ ላይ የወጡት የማሚቶ አዋቂዎቹ ብቻ ሆኑ። እርስ በርሳቸው ሲጮኹ ዋሉ፤ ድመቲቱም ሰልችቷት ተነሥታ ሄደች። በከተማው ግን የመዶሻ ድምፅ ይሰማ ነበር፣ የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰው ይህን ድምፅ ምን ያህል እንደናፈቀው ያወቀው ያን ቀን ነው።

ቅዳሜ ደረሰ። ማንያህልሻል የሳምንቱን ገመዶች ጨርሳ ከትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችና ወደ አፋፉ ወጣች፤ ማንም ሳይጠራት። ሙት ስትናገር ልስማ ብሎ ከተማው ሁሉ ተከትሏታል። የጆሮ ሹሞች ጠጠር በእጃቸው ይዘው ብላታን አዩ፤ ብላታም ሰማይ ሰማይ አዩ። እሷ አልጨፈረችም፤ ስለ አማቷም አላወራችም።

«ማንያህልሻል ነኝ!» አለች፤ ድምፅዋ ሻከር ያለ ነበር። «በዚህ ሳምንት ይህን ገምጃለሁ። በእያንዳንዱ ራሴ ተንጠልጥዬበታለሁ።»

ይህን ብላ ዞር አለችና ቁልቁለቱን ወረደች። ጥሩነህ እየሮጠ ደረሰባት።

«ኧረ ቆዪ! ማሚቶዋ ስንቴ እንደምትመልስልሽ አትሰሚም እንዴ?»

«ቃጫ ነክሬ ነው የመጣሁት» አለችው ሳትዞር፤ «ና፣ ጫፉን ትይዝልኛለህ።»